ጋሽ ቁም ዝም ያሉበት ጠዋት

የራጅ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። «ሥራዬ የሰውን ውስጥ ማየት ነው» ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ «ታዲያ እኛ ውስጥ ምን አየህ?» ይሉኛል። አጥንት ነዋ! ሌላው በራጅ አይታይም። ቢታይ ኖሮ በዚያ ቀን ከክፍሌ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ገና ሳያቸው ምን እንደሚያንገበግባቸው ባወቅሁ ነበር።

ለምሳ ልወጣ በሩን ስቆልፍ ነው ያየኋቸው። ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት…» ይላሉ። ያን ጊዜ አወቅኋቸው። የከተማው ግማሽ እንግሊዝኛ የተማረው ከእሳቸው ነው። የተሳሳተ ተማሪ ሁሉ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስለሚቆም፣ ስማቸው ቀርቶ «ጋሽ ቁም» ነው የሚባሉት። እነዚያን ረዳት ግሦች ከነሠንጠረዣቸው ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ሳይደናቀፍ ያልወጣ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከራሱ አንዲት ቃል መተንፈስ አይፈቀድለትም ነበር። ብዙዎቹ ሳይተነፍሱ ትምህርቱን ጨርሰው ወጥተዋል።

«ደህና ዋሉ ጋሼ» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ደህና አይደለሁም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እንዲህ ስንባባል የላይኛው ፎቅ ነርስ በደረጃው እየሮጠች ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሊወጡ ነው። አሁን ካልነገርናቸው ነገ እትዬን ያስገቧቸዋል።»

«ዓረፍተ ነገሩን እያዘጋጀሁ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

ምሳዬን ረሳሁትና ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ቆማ ነገረችኝ።

የጋሽ ቁም ባለቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሕመማቸው የማይድን መሆኑን ካወቁ ሰንብተዋል። ባላቸውን «ከእንግዲህ ስለት አይንካኝ። ቤቴ ውሰደኝና የስፌት መኪናዬ አጠገብ ልተኛ። ይህን ለሐኪሙ ንገርልኝ» ብለው ለምነዋቸዋል። ጠዋት ከውጭ የመጣው ሐኪም አልጋቸው አጠገብ ቆሞ የሕመምተኛዋ ፍላጎት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ ልታስተረጉም ስትጠጋ ጋሽ ቁም ተቆጡ፤ «ለእኔ አስተርጓሚ? ቋንቋውን ያስተማረሽ ማን ሆነና?» አሏት። ከዚያ ዝም አሉ። ፈቃድ ሲለመን «ካን» ይባላል ወይስ «ሜይ»? ወይስ ለትልቅ ሰው «ኩድ» ይሻላል? እሳቸው ሲያማርጡ ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቃል። ነርሷ አላስችል ብሏት «ሺ ካን…» ብላ ስትጀምር፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና «ቁሚ!» አሏት። ቆማ ነበር እኮ! ግን የልጅነቷ ክፍል ትዝ አላትና ምላሷ ተሳሰረ። ቀኑን ሙሉ ከሐኪሞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ስትሟገት የምትውል ሴት እንደ ተማሪ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ተቃውሞ ስላልሰማ ማስታገሻ እንዲሰጣቸውና ለቀዶ ጥገና እንዲዘጋጁ አዝዞ ሄደ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው አፈርኩ፤ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«እስቲ ፍረድ» አሉኝ። «ልመናና ትእዛዝ በአንዲት ቃል ይለያያሉ። ‹ማስት› ብዬ ሐኪሙን ባዘው፣ ተቆጥቶ ቢተዋትስ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝምታው ባይነቅዝም ሰውየው ይነቅዛል ጋሼ» አለች ነርሷ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ከእርስዎ ክፍል አንደኛ ወጥቼ ነው እዚህ የተቀጠርኩት። ሐኪም ሲመጣ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ እደበቅ ነበር። ሠንጠረዡን በእንቅልፌም እወጣዋለሁ። ‹ይህ ሰው ውሃ መጠጣት ይችላል?› ብሎ መጠየቅ ግን አቃተኝ።»

«ያኔ በሚገባ አላጠናሽም ማለት ነው።»

«አጥንቻለሁ! ያላደረግሁት መናገር ነው። እርስዎ እንግሊዝኛ ያስተማሩን፣ ልብስ ስፌትን መቀስ ሳያስነኩ እንደማስተማር ነው። እትዬ ልጆች ስፌት ሲያስተምሩ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?»

የጋሽ ቁም ባለቤት ለጀማሪ ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ሰጥተው «አበላሺው፣ ያበላሸሽው ነው የሚያስተምርሽ» ሲሉ እሳቸውም ሰምተዋል መሰለኝ።

«ስፌት ይፈታል» አሉ ጋሽ ቁም፣ በቀስታ። «ቃል አይፈታም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ነው ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት። ልጆቼ በሰው ፊት እንዳይዋረዱ ነበር ሐሳቤ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን እዚህ የሰውን ጥያቄ ስሰማ ነው የምውለው። ሕመምተኛና ዘመዱ የሚጠይቁት ይኸው ነው፦ ይችላል ወይ? ይፈቀዳል ወይ? ግድ ነው ወይ? ሊሆን ይችላል ወይ? የእርስዎ ግሦች እኮ እነዚሁ ናቸው! ሰው ሲጨንቀው የሚፈልጋቸውን ቃላት የሚያሸማቅቁ አደረጓቸው። ቢሳሳቱ ሐኪሙ መልሶ ይጠይቅዎታል። ዝም ካሉ ምኑን ይጠይቅ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

እኔም አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሥራ ስኖር በሰዋስው ስህተት የተቆጣ ሐኪም አላየሁም» አልኩ። «ሕመምተኛ ሲጠፋባቸው ይቆጣሉ፣ ቀጠሮ ሲዛባ ይቆጣሉ። ለ‹ካን› እና ለ‹ሜይ› ማን ጊዜ አለው?»

ይህ ከነርሷ ክርክር ሁሉ የበለጠ የጎዳቸው መሰለኝ። ዕድሜ ልክ የጠበቁት ድንበር ወዲያ ማዶ ማንም እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ታዲያ እነዚያን ሁሉ ልጆች ለምን አቆምኳቸው?» አሉ።

ነርሷ አጠገባቸው ተቀመጠችና ክንዳቸውን ያዘች። «እኔም ጠዋት ጥፋተኛ ነኝ። ቁሚ ቢሉኝም መናገር ነበረብኝ። አሁን ይነሱ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።»

ደረጃውን አብረን ወጣን። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ጓንቱን እያወለቀ አገኘነው። ጋሽ ቁም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ላብ በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አየሁ።

«ዶክተር» አሉ። «ማይ ዋይፍ… ሆም። ካን? ፕሊዝ። ኖ ከት።»

እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ የተናገረ ተማሪ እሳቸው ዘንድ እስከ ማታ በቆመ ነበር። ሐኪሙ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ እሱም ተቀመጠ። እየቆየ፣ ቃሉን እየለየ መለሰላቸው። ቀዶ ጥገናው ትንሽ ጊዜ ሊጨምር ይችል ይሆናል፣ ላይጨምርም ይችላል፤ ወደ ቤት መሄድ ትችላለች፤ ግድ የሚባል ነገር የለም፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ጋሽ ቁም ሁሉም ገባቸው። «ማይት» ሲል የተስፋውን ልክ ከእኛ ሁሉ በላይ የለዩት እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ነርሷ አንዲት ቃል እንኳ አልጨመረችም። ሐኪሙ ሊነሳ ሲል «ጠዋት ጠይቄያችሁ ነበር እኮ» አለ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ክፍላቸው ስንገባ ባለቤታቸው ግን ተኝተው ነበር። ጠዋት «ቤቴ» ሲሉ የነበሩት ሴት ማስታገሻው ከድካማቸው ጋር ተዳምሮ ወስዷቸዋል። ጋሽ ቁም ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብለው «ተናገርኩልሽ፤ ፈቅዷል፤ እንሄዳለን» አሉ። መልስ የለም። ደጋግመው ነገሯቸው። አምቡላንሱ ድረስ ተከትያቸው ወረድኩ። ቤት ወስደው ከስፌት መኪናው አጠገብ አስተኟቸው፤ ዓይናቸውን ግን ዳግም አልገለጡም። ቤታቸው መግባታቸውን ይወቁ አይወቁ ማንም አያውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው አልጠፋም። እኔም ሽማግሌው ከእንግዲህ ከቤት አይወጡም ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ። ወራት ካለፉ በኋላ እዚሁ ሆስፒታል መጥተው ከኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን አሮጌ መጋዘን ለመኑ። አሁን ከሰዓት በኋላ ጽዳት ሠራተኞች፣ በር ጠባቂዎች፣ አስታማሚ ዘመዶች ይሰበሰቡበታል። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ አለ፤ የሚታየው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለዛሬ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እንደ አፉ ይናገረዋል፤ ከዚያ በኋላ አብረው ያቀኑታል። የሚቆም የለም፤ ጋሽ ቁም ራሳቸው ካልሆኑ።

ጥቅሙን አልደብቅም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ድሮ ሐኪም ሲያይ ግድግዳ የሚታከከው አስታማሚ ዛሬ «ካን ሺ ኢት?» ብሎ ሕመምተኛዋ መብላት መቻሏን ይጠይቃል፤ መልሱንም ይዞ ይሄዳል። ነርሷ ከእንግዲህ ማንም ቁሚ ቢላት ምላሷ አይታሰርም። ልጆቻችሁን የምታስተምሩ ሁሉ ስሙኝ፦ መጀመሪያ ያውሩ። የተጣመመውን ቃል በኋላ ማቃናት ይቻላል።

ባለፈው አንድ ገበሬ የሚስቱን ሁኔታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠይቆ፣ በማግስቱ ይዟት ወደ ቤቱ ሲሄድ በመስኮት አየነው። ሴትዮዋ በራሷ እግር ነበር የምትሄደው፤ ትስቅም ነበር።

«አዩ ጋሼ፣ ጥቅሙን?» አልኳቸው።

የግቢው በር እስኪዘጋ ድረስ ሲያዩዋቸው ቆዩ።

«አየሁት ልጄ» አሉ። «ለባለቤቴ ብቻ አልደረሰም።»