ይሉኝታ ያስጣለው ክኒን

በ1972 ዓ.ም. ማሽላው ባሸተበት ሰሞን፣ ለጤና ጣቢያችን ክትባት ላመጣ ከቆቦ ወደ ደሴ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ተናኜ እባላለሁ፤ ሥራዬ ነርስነት ነው። ሰው አፏ ስለት ነው ይለኛል፤ አልዋሸም። ያየሁትን አይቼ ማለፍ ስለማልችል በዚያን ቀንም ሳልጠራ ገባሁበት፤ በመግባቴም አልጸጸትም።

ሮቢት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንዲት ወጣት ከኋላ ወንበር ተነሥታ ለረዳቱ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። ረዳቱ ግን የሰማውን ለመንገደኛው ሁሉ አደለው። «ሹፌር፣ ይቺ ልጅ እንደገና ልውረድ ትላለች፤ ሆዷ አልያዘላትም» አለ። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ልጅቱ ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባ ወረደችና ማሽላው ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ አልወጣ ስትለው ወደ እኛ ዞሮ «የማን ናት? ዘመድ የላትም?» ብሎ ጠየቀ።

የመለሰለት የለም። ከጎኔ የተቀመጡት ባለ ጥምጣም ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተራራ ያያሉ። ቆቦ ላይ ስንሳፈር ግን ለዚያች ልጅ ውኃ ሲያቀብሏት አይቻለሁ። ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ልጅዎ አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው።

«በአላህ ይሁንብሽ እህቴ፣ ተይኝ» አሉኝ።

ምኑን እተወዋለሁ? ወርጄ ፈለግኋት። ማሽላው ዳር ተንበርክካ ታስመልሳለች፤ እጇ ቀዝቅዟል፣ የደም ሥሯ ትርታ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ልቁም ስትል ዓይኗ ይጨልማል። ሹፌሩ ጓዛችንን አራግፎ ሊሄድ ሲል ሽማግሌውም ወረዱ፤ አውቶቡሱም መንገዱን ቀጠለ። ደግፌ ግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋት።

ስሟ ዘኪያ ነው፤ ቆቦ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ጋሽ ሙሀመድሰይድ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው። ምን እንዳመማት ብጠይቃት ቀና ብላ አባቷን አየች።

«ለእኔ ንገሪኝ። እኔ የሰው ሆድ ስሰማ ነው የምውለው» አልኳት።

«አንጀቴ ቁስል አለው ሲስተር» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ክሮን ይሉታል። ደሴ ያለው ሐኪም አዲስ አበባ ልኮኝ ነጭ ነገር አጠጥተው ሆዴን በራጅ አነሡኝ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን እውጥ ነበር።»

«ነበር? ማን ተይ አለሽ?»

 አባቷ በበትራቸው አፈሩን እየጫሩ «እኔ ነኝ» አሉ። «እህቴ፣ ልጄ ድና ነበር። ቀድሞ አጥንቷ የወጣ ነበረች። ያን ክኒን ወስዳ ጉንጯ ሞላ፣ ወዛች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ማሻአላህ አለ። ነጅሙዲን የሚባል ልጅ ቤተሰቦችም ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌ ላኩብን። የልጁ እናት ሀሊሜ ደግሞ እኛ ቤት ልትሰነብት መጣች። በእንግዳ ፊት ማለዳ ማለዳ ክኒን ስትውጥ ብትታይ ምን ይባላል? የሆድ በሽተኛ አስታቀፈን አይሉም? ስለዚህ ክኒኑን ከነዕቃው ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ዛሬም ወልድያ የሠርግ ልብስ ልንገዛ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ እኚህን ሰው ለመውቀስ አትቸኩል። በእኛ አገር ሰው ከወፈረ ድኗል ማለት ነው። ከርመን ስንገናኝ «ወፍረሻል» መባባል ምርቃታችን አይደለም እንዴ? እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላሰብኩም፤ ደሜ ፈላ።

«አባቴ፣ ያ ጉንጭ ውፍረት አይደለም። ክኒኑ ያመጣው እብጠት ነው» አልኳቸው።

«እብጠት?» ብለው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ያየው ሁሉ የሚያመሰግነው ፊት ነበር።

«አዎ። ክኒኑ ቁስሉን ያበርደዋል፤ ፊትን ግን ይነፋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ድንገት ማቋረጡ ነው። ሰውነት ክኒኑን ሲለምድ ራሱ ይሠራው የነበረውን ተመሳሳይ ቅመም መሥራት ይተዋል፤ በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ ባዶውን ይቀራል። በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ነው የሚተውት። አሁን የሚያስፈልጋት መርፌ እኛ ጣቢያ የለም፤ ደሴ ካልደረሰች ሊያጧት ይችላሉ።»

 ጋሽ ሙሀመድሰይድ ግን እንደ ማንኛውም የተጨነቀ አባት ወደ ክርክር ገቡ። «ፊት የሚነፋ፣ ቢተውት የሚገድል ነገር መርዝ እንጂ መድኃኒት ነው ወይ? አባቶቻችን ሆዳቸውን ሲያማቸው ኮሶ ጠጥተው ይነሡ ነበር።»

«ኮሶ ለኮሶ ትል ነው አባቴ። የቆሰለ አንጀት ላይ ኮሶ መጨመር ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው።»

«አባዬ ባለፈው ሳምንት አጠጥቶኛል» አለች ዘኪያ በቀስታ።

ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉት አላወቁም።

«ሌላ መድኃኒት የለም ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሐኪሙ አልነገረዎትም?»

«ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። ስለ ልጄ... ስለ መቀመጫዋ ነገር ሲያወራ ጊዜ ጆሮዬን ቀፈፈኝ፤ አፍሬ ወጣሁ።»

«እኔ ግን ሰምቻለሁ» አለች ዘኪያ።

«እንግዲያ አሁን ለሁለታችንም ንገሪን» አልኳት።

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ አባቷን ሳታይ ተናገረች። «መንገዱ ከአንድ በላይ ነው አለኝ። ይኸኛው ክኒን ቶሎ ያሽላል፤ ዓመት ዓመት ከተወሰደ ግን አጥንት ያሳሳል፣ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ቁመት ያስቀራል። ሰልፋሳላዚን የሚባል ሌላ አለ፤ ሥራው ዝግ ያለ ነው፣ ራስ ያዞራል፣ ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል። ቁስሌ ወደ ትልቁ አንጀት ስለሚያደላ ሊረዳኝ ይችላል። ሦስተኛው ቢላዋ ነው። የታመመውን ቆርጠው ያወጣሉ፤ ግን በሌላ በኩል ሊመለስ ይችላል። ምረጪ አለኝ፤ እኔም አባዬን ሳልጠይቅ አልመርጥም አልኩት።»

«አንች ብቻሽን ብትሆኝ ምን ትመርጫለሽ?»

«ፊቴን ጠልቼዋለሁ ሲስተር። ሰው ቆንጆ ሲለኝ የእኔ ፊት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ክኒኑን በምውጥበት ጊዜ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሳልወጣ ተምሬያለሁ። ከዚያ በፊት...» ብላ ቆመች። ከዚያ በድንገት ሁሉንም አፈሰሰችው። «ቤታችን ሽንት ቤት የለውም። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ ስትወጣ ብትታይ ነውር ነው። ስለዚህ እስኪመሽ ምንም አልበላም ነበር፤ የበላሁ እንደሆነ መውጣት ይመጣል። አባዬ አመጋገቧ ቀነሰ ብሎ ይቆጣኛል። ርቦኝ ነበር።»

 ጋሽ ሙሀመድሰይድ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ስላፈርኩ።»

«ከማን ተማርሽው ልጄ፣ ከእኔ ነው» አሉ። «እዚያ አውቶቡስ ውስጥ የማን ናት ሲል ዝም አልኩ። ወላሂ፣ ከአንች ይልቅ እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ።»

ቂሜን የጣልኩት ያን ጊዜ ነው። ስሕተቱን በልጁ ፊት ያመነ አባት ከዚያ በላይ ምክር አይፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ልተርትባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ማሽላ የጫነ መኪና ደሴ አደረሰን። ወልድያን ስናልፍ ጋሽ ሙሀመድሰይድ የሠርጉን ልብስ ነገር አላነሡም። ሆስፒታሉ መርፌውን ወጋት፤ በነጋታው ቀና ብላ ተቀመጠች። ሐኪሙ መጥቶ ክኒኑን ማን እንዳስቋረጣት ሲጠይቅ ሽማግሌው ቆመው «እኔ ነኝ፣ ባለማወቅም በይሉኝታም» አሉ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ዞሮ ከእንግዲህ ምን እናድርግ ሲላቸው ግን «የታመመችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት። እኔም ዛሬ አልወጣም፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ» አሉት።

ዘኪያ ፕሬድኒሶሎኑን ከቁርስ በኋላ እየዋጠች ቀስ በቀስ ልትቀንሰው፣ ሰልፋሳላዚኑንም ጎን ለጎን ልትጀምር መረጠች። ቢላዋውን አንጀቷ የተዘጋ እንደሆነ ብቻ ልትቀበለው ተስማማች። ሐኪሙም ምርጫዋን አጸደቀ፤ በሽታው ጨርሶ እንደማይነቀል፣ ክትትል እንደሚፈልግም ሳይደብቅ ነገራት።

በበጋው ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። ከጓሮው በኩል በቆርቆሮ የተከለለ ሽንት ቤት ተቆፍሯል፤ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ዘኪያ በቀን ትበላለች። ጉንጯ ጎድሏል፤ ቁመናዋ ቀጠን ያለ ቢሆንም ጉልበት አላት። አልፎ አልፎ ሕመሙ ይነሣባታል፤ ያን ጊዜ ጣቢያችን ትመጣለች እንጂ አትደበቅም። አንድ ቤት ይሉኝታን ሲቀንስ ምን እንደሚያተርፍ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህንኑ አሳየዋለሁ።

እዚያው እንዳለሁ የነጅሙዲን እናት ሀሊሜ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሠርጉን ቀን ልትቆርጥ መጣች። ዘኪያን አየቻትና «ምነው ከሳች?» አለች።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። «ያኔ ያየሽው የመድኃኒት እብጠት ነበር» አሏት። «ልጄ የአንጀት ቁስል አለባት። ክኒን ትውጣለች፤ ቶሎ ቶሎም ትወጣለች። ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድራትም። መጠበቅ የሚፈልግ ይጠብቅ፤ የማይፈልግ አላህ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሀሊሜ ሻሿን እያስተካከለች ተነሣች። «አንተ ሰው፣ የሴት ልጅህን የሆድ ነገር በሰው ፊት ስታወራ አታፍርም?» አለቻቸው።

«አፍሬ አይቼዋለሁ» አሉ። «ልትሞትብኝ ነበር።»