ከፎፊዬ እጅ ያልመጣ ክኒን

ጥርሴን ላስነቅል የወረዳችን ሆስፒታል ሄጄ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከወንዶች መኝታ ክፍል አንድ ሽማግሌ የሆስፒታሉን ቀሚስ እንደለበሱ፣ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በባዶ እግራቸው ቀስ ብለው ሲወጡ አየሁ። ቀረብ ስል ጎረቤቴ ኦፓኒን ዶንኮር ናቸው፤ የመንደራችን የቦንዊሬ ሸማኔ። ከሦስት ቀን በፊት ሥራቸው ላይ እንደተቀመጡ ተደፉ መባሉን ሰምቼ፣ "ነገ እጠይቃቸዋለሁ" እያልኩ ነበር የሰነበትኩት።

"አባባ፣ ከነቀሚሱ ወዴት ነው? ገበያ ሊያወጡት ነው?"

"ባዱ! እግዜር ነው የላከህ። ቶሎ ታክሲ ጥራልኝ። የፎፊዬ ሙት ዓመት ዘጠኝ ቀን ቀረው፣ ለቀኑ የምሸምንላት ጨርቅ ገና ግማሽ ነው።"

ፎፊዬ ሚስታቸው ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ እሷ ክሩን ቀሰም ላይ ስትጠቀልል እሳቸው ሲሸምኑ ኖረዋል።

ታክሲ ሳልጠራ ሲስተር ሴርዋ ከኋላ ደረሰች። የሰፈራችን የሸማኔ ልጅ ናት።

"አባባ፣ ማን ፈቅዶልዎ ነው?"

"ድኛለሁ ልጄ። አሁን አያዞረኝም።"

"ሲመጡ እኮ የደም ግፊትዎ ሁለት መቶ ሃያ በመቶ ሠላሳ ነበር። አንድ ጣት ባሳይዎ ሁለት ነው አሉኝ።"

"ያንቺ ጣት የሁለት ሰው ሥራ ስለሚሠራ ነዋ!"

"ዛሬም ገና መቶ ሰባ ነው።"

"እንግዲያው የቀረውን አሁኑኑ አውርጂልኝና ልሂድ።"

"የተወጠረ ድር ባንዴ ሲለቁት ምን ይሆናል?"

"ይወሳሰባል" አሉ ሳይወዱ።

"ግፊትም ባንዴ ቢወርድ አንጎል ደም ያጥረዋል። ቀስ ብለን ነው የምናላላው። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ክኒኑን ለምን ተዉት?"

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"አልተውኩትም። ሰጪዋ ሞተች" አሉ። "ሁልጊዜ ጠዋት ከገንፎው በፊት መዳፌ ላይ የምታኖርልኝ እሷ ነበረች። እሷ ከሄደች ወዲያ አልዋጥ አለኝ። ደግሞስ የኔ ሕመም ሐሳብ ነው። ደሜን ያፈላው እሷን ማሰቤ ነው። ክኒንሽ ግፊቱን ካወረደው እሷንም ይዟት ሊወርድ ነው። ምን ይቀረኛል?"

ይህ የሳቸው ብቻ ስሕተት አይደለም። እኛ አገር አንድ ሰው ማጅራቴን አመመኝ ካለ "ምን እያሰብክ ነው?" እንለዋለን እንጂ "ተለካህ ወይ?" አንለውም። እኔም ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ ብዬ የምኮራው ሰውዬ፣ ስንቱን እንዲሁ ብዬ አሰናብቻለሁ።

ሴርዋ ካርዳቸውን አምጥታ ገለጠች። "ግፊት የተገኘብዎ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እማማ ፎፊዬ ያኔ ቤት ነበሩ። ማንን ናፍቀው ነበር?"

"ይንገሩን እንጂ አባባ!" አልኳቸው።

"ዝም በል አንተ! ጥርስህን አስነቅል!"

"ካርዱን ያዩት እንደሆነ" አለች ሴርዋ፣ "አምስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ ደህና ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ባዶ። ሐዘን እንቅልፍ ቢነሳዎ፣ ግፊቱንም ቢያባብሰው፣ ሥሩ እሱ አይደለም። ክኒኑም እሷን አይወስድብዎትም። የሚወስዳት ቢኖር ግፊቱ ነው።"

ይህን ስትል ዶንኮር በተከፈተው በር ወደ ውስጥ እያዩ ነበር። ከሳቸው አልጋ ቀጥሎ አንድ አስተማሪ ተኝቷል፤ ዕድሜው ከኔ አይበልጥም። ሚስቱ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። እሱ ፊቷን ትክ ብሎ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም።

ሴትዮዋ ስናያት ጊዜ ፈገግ አለች። "ስሜን ነው የሚፈልገው። ግፊት ነበረበት፤ ደህና ነኝ ብሎ ክኒኑን ተወ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሲፈልገው።"

ኦፓኒን ዶንኮር ከአግዳሚው ተነሡ። ከዚያ ኪሱን እንደሚዳብስ መንገደኛ፣ በለሆሳስ "ፎፊዬ" አሉ። ደግመውም "ፎፊዬ።" ስሟ አፋቸው ላይ አለ፤ አልጠፋም። ተመልሰው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

"ውሃ አምጪልኝ።"

ሴርዋ ክኒኑን ብትዘረጋላቸው እጇን መለሱ። "እዚያ ጠረጴዛው ላይ አኑሪው።" ራሳቸው አንስተው፣ መዳፋቸውን ጥቂት አይተው፣ ዋጡት።

አምስት ቀን ተኙ። ለሙት ዓመቱ ጨርቁ፣ በጠባብ ጥብጣብ ተሸምኖ የሚገጣጠም ነውና፣ ብዙ ጥብጣብ ጎድሎት ቀረበ፤ ካንዲት ሁልጊዜ ከምታማርር አክስት በቀር ያማረረ የለም። የጎደለውን በኋላ ሞሉት።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ዓይናቸው ክሩን አንድ አድርጎ ያያል፤ ኩላሊታቸውም ልባቸውም ደህና ነው ተብለዋል። በየወሩ ሊለኩ ሲሄዱ እኔንም ጎትተው ወሰዱኝና፣ አንዳች ሳያመኝ፣ ግፊት እኔም ላይ ተገኘ! ግፊት በር አንኳኩቶ አይገባም። ስለዚህ ማጅራታችሁን ሳይሆን መለኪያውን ጠይቁ፤ ተሻለኝ ብላችሁም ክኒን አትተዉ፤ የተሻላችሁ በሱ ነውና።

ባለፈው ሳምንት አብረን ስንመለስ "ናፍቆቱስ አባባ፣ ወረደ ወይ?" አልኳቸው።

"እሱማ እንዳለ ነው" አሉኝ። "ሲስተር የሱን ክኒን አልሰጠችኝም። ብትሰጠኝም አልውጥላትም።"