ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን የተወለደ ጊዜ

በልደት መዝገብ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ማንም አንድ ነገር ሊነካ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ እንሞክረው» ስለምትል። በሻይ ሰዓት ተገልጋይ ከምታስተናግደዋ ወዳጇ አጠገብ ተቀመጠች። አዲሱ የክፍሉ ኃላፊ ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፍ ነበር፤ በሩም ገርበብ ብሏል። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«ዛሬ ነፋሻ ነው፣ አይደል? እግርሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ?... ተመስገን ነው። ቀሚስሽ ደግሞ አምሮብሻል።

ሰማሽ? ለአንድ ሰው የምስጋና ወረቀት ሊሰጡት ነው አሉ፤ መዝገቡን ከጥፋት ስላዳነ። ይገባዋል! እኔ ብሆን መች አድነው ነበር? ለማዳን እኮ መጀመሪያ ማጥፋት ያስፈልጋል... እኔ ያን ጥበብ አልታደልኩም።

ምን ዓይነት ድፍረት ነው ግን! ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሶ፣ መዝገቡ ሥራ ላይ እያለ፣ ቅጂ ሳያስቀምጥ፣ ሳይሞክር... አዲሱን ፕሮግራም ጫን! በቃ። የሁሉም የልደት ቀን ተለወጠና ከተማው ሁሉ በዚያች ቀን ተወለደ። አማቴ ከልጅ ልጃቸው ጋር እኩያ ሆኑ። እኔማ ደስ አለኝ፤ ይህን ሁሉ ሽበት ይዞ ጨቅላ መሆን በየት ይገኛል?

እኔ ምስኪኗ ምን ብዬ ነበር? ‹ዋናውን መዝገብ ማንም ሳይሞክር፣ ቅጂ ሳይዝ፣ ሌላ ባለሙያ ሳያይለት አይንካ› የሚል ደንብ ይኑረን አልኩ። ‹የፈሪ ሕግ› አለው አንድ ሰው። እውነቱን ነው፤ ፈሪ ነኝ። የሙያ ፈተናውን እንኳ ሁለቴ ወድቄ ነው ያለፍኩት። እሱ አንዴም ወድቆ አያውቅም... የፈተና አዳራሽ ደጅ ረግጦ ያውቃል እንዴ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ አምኜ፣ እንቁላል እንደሆንኩ አረጀሁ፤ እሱ ግን ሳይፈለፈል በረረ።»

ከግድግዳው ወዲያ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ድምፅ ቆመ። ወዳጇ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ተረትም ሲያረጅ ይሳሳታል መሰለኝ፤ የቸኮለውማ አፈሰሰ፣ የለቀምነው እኔና አንቺ አይደለንም? ከአቧራማው የወረቀት ማህደር፣ አንድ በአንድ፣ ዓይናችን እስኪቀላ... እኔማ መልቀም ያምርብኛል፤ ጎንበስ ማለት የለመደ ወገብ ነው።

ያቺን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ? ልጇን ትምህርት ቤት ልታስገባ መጥታ፣ ከገዛ ልጇ ጋር መንታ ሆና የተገኘችውን? መጀመሪያ ሳቀች። መዝገቡ እስኪቃና ግን የልጇ ቦታ ለሌላ ተሰጠ፤ ያን ቀን አልሳቀችም... ‹ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?› አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኳት። ሰደበችኝ። ትልልቆቹ ምስጋናውን ሲወስዱ፣ ስድቡን የሚወስድ ትንሽ ሰው ይጠፋል እንዴ?»

ሻይዋን ጨልጣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም፤ መርቄ ልነሣ። ለዚያ ለሚመሰገነው ሰው ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ከሰው ዓይን ይሰውርልን። ድንገት እንኳ አሞት ሆስፒታል ቢተኛ፣ ልክ እንደ ራሱ የማይፈራ፣ ልክ እንደ ራሱ ፈተና ያላስቸገረው፣ ሳይመረምር በቀጥታ ወደ ቢላዋው የሚሄድ ሐኪም ይዘዝለት... አሜን በይ እንጂ!»