አምስተኛዋ ድምፅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀትር በኋላ፤ ዘፈን ከተዉ ብዙ ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ ጽጌና የቀድሞ ባላቸው አቶ ደምሰው ከሌላ ሚስት የወለዷት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ኤፍራታ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ ባለ አራት ክር ጊታር አለ።

ጽጌ፦ አልኩሽ እኮ። አልዘፍንም።

ኤፍራታ፦ ይዝፈኑ አላልኩም፣ እትዬ። አንድ ድምፅ ብቻ ይስጡኝ።

ጽጌ፦ ጾመኛ ነኝ እያለ ድስት የሚልስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ኤፍራታ፦ አላየሁም።

ጽጌ፦ እኔን እንዳታዪ ነው እምቢ የምልሽ። ደግሞስ ክር የሚቃኝ ሰው ከተማው ውስጥ ጠፋ?

ኤፍራታ፦ ያጠፋሁት እኮ ቃኚ አገኘሁ ብዬ ነው። ሁለቱ ክሮች ተበጥሰው ስለነበር ጊታር ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ገና ሲያየው፣ ጊታር ስድስት ክር ነው፣ ሁለቱ የት ገቡ አለኝ። ሲሠራም አራት ነው፣ ቴነር የሚባለው ዓይነት ነው ብዬ አስረዳሁት። አዲስ ክር አስገባለትና በስልኩ እያየ እንደ ሌላው ጊታር ቃኘው። እኔም ደስ ብሎኝ ይዤው ሮጥኩ።

ጽጌ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ኤፍራታ፦ ማፍሰሱንስ አፍስሻለሁ። መልቀሙ ነው ያቃተኝ።

ጽጌ፦ ደምሰውስ ምን አለ?

ኤፍራታ፦ ምን ይላል? ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ አልተፈታም። ቀኝ ጎኑም አይታዘዝለትም። ሐኪሙ የሚወደውን ነገር ስጡት፣ ደህናውን እጁን ያንቀሳቅስ ሲለን ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። በግራ እጁ አንዴ ሳብ አደረጋቸውና እጁን ሰበሰበ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲህ የሚጎርሰውም በልመና ነው።

ጽጌ፦ አይፈረድበትም። ደምሰው ይሄን ነገር እንደ ክራር ነበር የሚቃኘው። ጣት ሳታሳርፊበት ብትመቺው ራሱ ትዝታ ይላል። በአንድ እጅም ይበቃው ነበር።

ኤፍራታ፦ ይኸው፣ ያውቁታል።

ጽጌ፦ ሁሉም ያውቀዋል። ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ ነው የማያውቁት።

ኤፍራታ፦ አባዬ ድሮ ይጫወትበት የነበረውን ክበብ አዛውንቶች ጠይቄያቸው ነበር። ሁሉም አንድ ነገር ነው ያሉኝ። ክራር በዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛል፣ የደምሰው ጊታር ደግሞ በጽጌ ጉሮሮ ነበር የሚቃኘው አሉኝ።

ጽጌ፦ እነሱ ደግሞ ጥርሳቸው ሲረግፍ ምላሳቸው ቀረ። ይሄን ጊታር ከአንድ ግሪክ ልብስ ሰፊ ገዝቶ ሲመጣ የሳቁበት እነሱው ናቸው። ጎደሎ ጊታር ታቅፈህ መጣህ አሉት። የመለሰላቸውን ነግረውሻል?

ኤፍራታ፦ አልነገሩኝም።

ጽጌ፦ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ አራቱ የኔ፣ አምስተኛዋ የጽጌ አላቸው።

ኤፍራታ፦ እኛ ቤት አምስተኛዋ ተሰምታ አታውቅም። እናቴ፣ አባትሽ ሲጫወት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል ትላለች።

ጽጌ፦ እናትሽ እዚህ መምጣትሽን ታውቃለች?

ኤፍራታ፦ ቤትዎን ያመላከተችኝ እሷ ናት። ነጠላውም የሷ ነው።

ጽጌ፦ የሷ ነው?

ኤፍራታ፦ መንገድ ላይ እንዳይጋጭ ብላ ከራሷ ላይ አውርዳ ጠቀለለችው።

ጽጌ፦ እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። ሂጂና እግዜር ይስጥሽ ብላለች በያት። ግን ስእለት አለብኝ። ዮናታን በሕፃንነቱ ታሞ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት፣ ቁልቢ ገብርኤል ደጅ ተደፍቼ ልጄን ማርልኝ፣ ከእንግዲህ አፌ አይዘፍንም አልኩ። ማረልኝ። አባትሽ ጉሮሮሽን ለመልአክ ሰጥተሽ እኔን ለማን ተውሽኝ አለ። በዚያው ተለያየን።

ኤፍራታ፦ መዝሙርስ አይዘምሩም?

ጽጌ፦ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ አጨበጭባለሁ። አንዴ ከለቀቅኩት የት እንደሚቆም አላውቅም።

ኤፍራታ፦ ገብርኤል አንዲት ድምፅ ይቆጥርብዎታል?

ጽጌ፦ እሱ ቢተወኝ እኔ አልተውም። ዮናታን ዛሬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ተሳቢውን ጭኖ ወደ ጅቡቲ እየወረደ ነው። ያ መንገድ ስንቱን በላ። እኔ እዚህ አፌን ስከፍት እሱ እዚያ ፍሬን እምቢ ቢለው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይሉኝም?

ኤፍራታ፦ ይሉዎታል። ስለዚህ ደወልኩለት።

ጽጌ፦ ለማን?

ኤፍራታ፦ ለዮናታን። ወንድሜ አይደል?

ጽጌ፦ አንገት ደፊ አገር አጥፊ። ምን አልሽው?

ኤፍራታ፦ አባዬ ያለበትን ሁኔታ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ስእለቱን ነገረኝ። እኔ መንገድ ላይ እያለሁ እናቴ አፏን አትከፍትም፣ በከንቱ አትልፊ አለኝ። ስልኩን ልዘጋው ስል ቆይ ጠብቂ አለኝ።

ጽጌ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ኤፍራታ፦ መኪናዬን ከአስፋልቱ አውጥቼ አቆማለሁ፣ ድምፁን ሰጥታሽ እስክትደውዪልኝ አልንቀሳቀስም በዪያት አለ።

ጽጌ፦ መቼ?

ኤፍራታ፦ ወደዚህ ስመጣ። ድንበሩ ጋ፣ ደወሌ ከተማ ሳይደርስ ቆሟል። የመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል።

ጽጌ፦ በዚህ ሙቀት?

ኤፍራታ፦ በዚህ ሙቀት።

ጽጌ፦ ምሳ በልቷል?

ኤፍራታ፦ አልጠየቅኩትም።

ጽጌ፦ እህት ተብዬ።

ኤፍራታ፦ እምቢ ካሉ መንገድህን ቀጥል እለዋለሁ፣ እትዬ። ለአባዬም ሌላ ነገር እንፈልጋለን። ጊታሩን ልሸፍነው?

ጽጌ፦ ተዪው። ደውዪለትና ሞተሩንም ያጥፋ በዪው።

ኤፍራታ፦ ሄሎ፣ ዮኒ? ሞተሩን አጥፋ ብለዋል። እሺ። አጥፍቶታል፣ እትዬ። ቁልፉን በእጄ ይዣለሁ በያት ይላል።

ጽጌ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ክሩን ላላ አድርጊው። ድምፄ ከድሮው ወርዷል።