ጋሽ ወልደሰንበትና አላነብ ያለው ማሽን

ጓዶች፣ እባካችሁ ጋሽ ወልደሰንበትን አስቀምጡልኝ! በገዛ የጡረታ ሽኝታቸው ተነሥተው የማይክሮፎኑን ሽቦ ይነካካሉ። ይቀመጡ እንጂ ጋሼ! እርስዎ ሲቁነጠነጡ የኔም ንግግር ይጠፋብኛል።

እኔ ትርንጎ በዚህ በኮልፌ የመድኃኒት መጋዘን ታይፒስት ሆኜ ዓመት ሳይሞላኝ ነው እሳቸው የመጡት። ጥበቃው ወንድይፍራው ቦርሳቸውን ሲከፍት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ጥቅል ተዘረገፈ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?"

"የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ነው።"

"መኪናውስ የታለ?"

"እናንተ ጋ ነዋ! ተበላሸ ብላችሁ አይደል የቀጠራችሁኝ?"

ወንድይፍራው እስከ ምሳ ሰዓት አላስገባቸውም!

ከዚያ ወዲህ ባለው ዐሥራ ሦስት ዓመት፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ያልፈቱት ብሎን የለም። የግድግዳው ሰዓት "ትንሽ ዘገየ" ከተባለ፣ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ነው የምናገኘው። አንድ ሰኞ በውይይት መሐል ማይክሮፎኑ ድምፁ ጠፋ። ሁላችንም በልባችን ደስ ብሎን ቦርሳችንን ማንሣት ጀምረን ነበር። እሳቸው ዘለው ተነሥተው በአምስት ደቂቃ ጠገኑት! ስብሰባው ሌላ ሁለት ሰዓት ቀጠለ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍናቸው።

እሺ፣ ሳቁ ይብቃን። ቶሎ ልናገረው። የ1979 ግንቦትን ታስታውሳላችሁ፤ ግን በአደባባይ አውርተነው አናውቅም።

ለየክሊኒኩ የሚላከው መድኃኒት ዝርዝር ኮምፒዩተሩ ከመጣ ወዲህ በዲስኬት ነው የሚቀመጠው፤ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ማሽኑን ፈትሾ በሄደ ማግስት ዲስኬቱን ባስገባው አላነብ አለ። መኪኖቹ በር ላይ ቆመዋል፣ የወባ መድኃኒት የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። የዚያን ጊዜው ካድሬ መጣና፣ "ባለሙያው ማሽኑ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል። ዲስኬቱን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ይሄ አሻጥር ነው!" አለኝ።

አሻጥር! ቃሉ ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ።

ጋሽ ወልደሰንበት ሰው እየገፉ ገቡ። "እሷ ነክታው የማታውቀው ዲስኬት አለ?" አሉ። ከሥራ አስኪያጁ ካዝና ተቆልፎበት የኖረ ቅጂ መጣ። ማሽኑ እሱንም አላነብ አለ።

"ያው! ጥፋቱ የማሽኑ ነው።"

"ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?" አለ ካድሬው።

"እኔ። ወረቀት አምጣ።"

ፈረሙ። ማሽኑን ገና ሳይከፍቱት!

ከዚያ ፈቱት። ዲስኬቱን በሚያዞረው ክብ ላይ ሁለት ረድፍ ሰረዝ ተሥሏል። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ሰረዞቹ የቆሙ ይመስላሉ። የመብራት ብልጭታ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ አንደኛው ረድፍ ለሌላ አገር ኤሌክትሪክ ነው፣ ሁለተኛው ለእኛ። "ሰውየው በሌላው አገር ረድፍ አስተካክሎት ሄዷል፤ እያዘገመ ነው የሚዞረው" አሉ። ትንሿን ብሎን ነካ አደረጓት። የእኛ ሰረዞች ይንሸራተታሉ። ደግመው ነካ። ካድሬው ከኋላቸው ይንጎራደዳል። ደግመው ነካ። ቆሙ!

ዲስኬቱን አስገባሁ። ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ መጣ።

የመኪኖቹ ሞተር ተነሣ፤ ካድሬውም ወጣ። እኔ ግን ጋሼ፣ ላመሰግንዎ ፈራሁ። እርስዎ እጅዎን በጨርቅ ጠርገው ወደ ሥራዎ ሄዱ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ በኮሪደሩ "እንደምን አደሩ" እያልኩ አልፍዎታለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ ጋሼ። የዚያን ዕለት ራታቸውን ያበላኋቸው እኔ ነኝ። እኔ ራሴ! ይህንን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ለጋሽ ወልደሰንበት ጤና! ለባለቤታቸው ለእትዬ ከበደችም፣ ከነገ ጀምሮ የቤቱ ራዲዮ ሲበታተን የሚችሉበት ትዕግሥት!

ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ አዳራሽ እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።