የእድሩ ማኅተም

(ቢሾፍቱ፣ በአንድ ሠፈር የእድር ቢሮ። የእድሩ ሊቀመንበር ዘነበች ከታናሽ ወንድሟ ከደምሰው ጋር ተፋጥጣለች፤ እሱ «የንጋት ደጅ» የተባለው የሃይማኖት ማኅበሩ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት እንዲመዘገብ የእድሩን የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠይቅ መጥቷል።)

ዘነበች፦ አልፈርምም አልኩህ! ዓይንህን ከማኅተሙ ላይ አንሳ።

ደምሰው፦ እትዬ፣ ቀስ በይ። ደብዳቤው ከሌለ አይመዘግቡንም። ካልተመዘገብን ደግሞ ይዘጉናል። ስንት አዛውንት ነው የምንመግበው!

ዘነበች፦ እናታችን ስትቀበር የት ነበርክ?

ደምሰው፦ አሁን እሱን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ዘነበች፦ ምን አገናኘው? ከማኅበሩ ውጭ ለሞተ አይለቀስም ብለው የከለከሉህ እነሱ አይደሉም? ለቀስተኛው «ወንዱ ልጅስ?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነው» እያልኩ ዋሸሁ። በእናቴ አስከሬን ፊት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ።

ደምሰው፦ እኔን ተቀየሚኝ። መንግሥት ግን የሚመዘግበው ሥራችንን ነው፣ እምነታችንን አይደለም።

ዘነበች፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ!

ደምሰው፦ እውነቱን ልንገርሽ? እማማ ወለላ ዕድሜ ልካቸውን ለእድራችሁ ከፈሉ። ሲራቡ ማን በራቸውን አንኳኳ? እናንተ እስኪሞቱ ነበር የምትጠብቁት፤ ያጎረስናቸው እኛ ነን!

ዘነበች፦ እሱስ አሳፍሮኛል። አልዋሽህም።

ደምሰው፦ እንግዲያው ፈርሚ።

ዘነበች፦ ቆይ። ልጃቸው እልፍነሽ እናንተ ጋ ልትጠይቃቸው ብትመጣ ከበር የመለሳት ማነው?

ደምሰው፦ እሱ... ሥርዓት ነው። እኛ ጋ የገባ ከውጭ ዘመድ ጋር አይገናኝም።

ዘነበች፦ ቢገናኝስ?

ደምሰው፦ ይወጣል።

ዘነበች፦ ምሳውስ?

ደምሰው፦ እትዬ...

ዘነበች፦ ምሳውስ አልኩህ!

ደምሰው፦ ይቀርበታላ።

ዘነበች፦ በጎ አድራጎት ይለኛል እንዴ! ይሄ ግዢ ነው። አሮጊትን ከልጇ ነጥሎ በሽሮ መግዛት! የፈለጋችሁትን እመኑ፣ ማን ከለከላችሁ? በእኔ ማኅተም ግን ደግ አትባሉም።

ደምሰው፦ እሺ፣ በሩ ሲዘጋ አዛውንቱ ምን ይብሉ? ንዴትሽን?

ዘነበች፦ ነገ ጠዋት የእድሩ ድንኳን በራችሁ ፊት ይተከላል፤ ከነብረት ድስቱ፣ ከነወንበሩ። ልጅ ያለው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ዘንድሮ ሰው ሳይሞት እንተክለዋለን።