ሮማ ላይ የአባታችን ስም

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው መኪና፣ ከፊቴ አንድ ጎልማሳና ታላቅ እህቱ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ የዘንድሮ ፈቃዴን አውሮፓን ላይበት ነው። መጀመሪያ አቴና፣ ከዚያ ሮማ አራት ቀን፣ ከዚያ በባቡር የስዊስን ተራሮች አቋርጬ ፓሪስ።»

«ሮማ የጣልያን አገር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ጥንታዊ ከተማ እኮ ነው።»

«ሲገቡ ስም ይጠይቃሉ?»

«ፓስፖርት ያያሉ። ስሜ እሱ ላይ አለ።»

«ያንተ ብቻ?»

«ከነአባቴ ነው እንጂ።»

«በስመ አብ! በዚያ ስም አይደል ጣልያኖች አባታችንን አርበኛ ነው ብለው ቤት ለቤት ሲያስሱት የከረሙት? እኔን ገርፈው ስሙን መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩት ቆሜ አይቻለሁ።»

«ጣልያን ከወጣ እኮ ሃያ ዓመት አለፈው፣ እትዬ። ማን ያስታውሰዋል?»

«እኔ አልረሳሁም። እነሱ ለምን ይረሳሉ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«መልክህም ቁርጥ እሱን ነው» አለችው።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሮማን ሳይነካ ከአቴና ወደ ተራሮቹ የሚወስድ ባቡር አይጠፋም» አላት።

እኔም ከኋላቸው ሆኜ የአባቴን ስም፣ እሱም እዚያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይሆን እያልኩ፣ በልቤ ጠራሁት።